አንድ ልጅ፣ ሁለት ውጤት

ደብረ ማርቆስ ላይ በክረምት የሕፃን ልብስ ማስወለቅ ከእናቱ ጋር መጣላት ነው። «ብርድ ይመታብኛል!» ትላለች፤ እውነቷን ነው። እኛ ፊዚዮቴራፒስቶች ግን ክብደቱን የት እንደሚያሳርፍ፣ እግሩን እንዴት እንደሚያነሳ ማየት አለብን።

አንድ ጊዜ ያለ ወሩ የተወለደን ልጅ እንቅስቃሴ እኔና ባልደረባዬ ለየብቻ መዘንን። የያዝነው የአልበርታን መለኪያ ነበር፤ ካናዳ ውስጥ የተዘጋጀ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ሕፃኑን በሆዱ፣ በጀርባው፣ ተቀምጦና ቆሞ በ58 እንቅስቃሴዎች የሚያይ። እኔ «ደህና ነው» አልኩ፤ እሷ «ወደ ኋላ ቀርቷል»። ወረቀታችንን ስናስተያይ ነጥባችን አንድ ነው ማለት ይቻላል። ለካ የተለያየነው ዕድሜው ላይ ነው! እናቱ «ለኪዳነ ምሕረት ስድስት ወር ሞላው» ብላ ነበር፤ ባልደረባዬ ያንን ያዘች። እኔ ደግሞ በ34 ሳምንት መወለዱን ከሆስፒታል መውጫ ወረቀቱ አይቼ፣ ከ40 የጎደለውን 6 ሳምንት ቀነስኩ። አራት ወር ተኩል ገደማ መጣ። ያው ነጥብ ለአራት ወር ተኩል ልጅ ደህና ነው፣ ለስድስት ወር ልጅ ያስደነግጣል።

ይሄኛው ስህተት ቀላሉ ነው፣ በመቀነስ ይታረማል። እኔን የሚያሳስበኝ የምንስማማበት ቀን ነው። መለኪያው ሲዘጋጅ የታዩት 2,202 ሕፃናት የካናዳዋ አልበርታ ክፍለ ሀገር ልጆች ናቸው። የኛ ልጅ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ በአንቀልባ ታዝሎ ይውላል፤ በሆዱ የሚተኛው ከስንት አንዴ ነው። ከ58ቱ 21ዱ ደግሞ በሆድ ተኝቶ የሚታዩ ናቸው። ሁለት ባለሙያዎች «አልቻለም» ብለው ቢስማሙ ልጁ ታሟል ማለት አይደለም፤ ምናልባት ሞክሮት አያውቅም። ጅማ ላይ ተመራማሪዎች «ዴንቨር 2» የተባለውን ሌላ መመዘኛ ለአካባቢው ልጆች እንዲስማማ አድርገው ያዘጋጁት በከንቱ አይደለም።

በስልክ ቀርጾ ለሁለት ማየትስ? ይረዳል፤ ግን የሚፈተነው የኛ ዓይን ነው። ልጁ ያን ቀን ርቦት፣ እንቅልፉ መጥቶ ወይም በርዶት ከነበረ ቪዲዮው አያርመውም። ስለዚህ በአንድ ቀን ውጤት አልፈርድም፤ ደግሜ አያለሁ።

ከ4 ወር በኋላም (ያለ ወሩ ለተወለደ፣ ተቀንሶ) እጁን ጨብጦ የሚውል ወይም ሁልጊዜ አንድ እጁን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ልጅ ካላችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ቶሎ አምጡት።

ስትመጡ የመውጫ ወረቀቱን ያዙ። ልጁ ጠብቶና ነቅቶ ይሁን። «ደህና ነው» ብላችሁ ከሁለተኛው ቀጠሮ እንዳትቀሩ፣ አደራ።