መጽሐፉን ዝጉትና ንገሩኝ

ወዳጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ኪሳችሁንም ቦርሳችሁንም ሳትነኩ፣ በ100 ብር ኖት ላይ ከፊት ለፊቱ ምን ምስል እንዳለ ንገሩኝ። ከጀርባውስ? ቁጥሩ ስንት ቦታ ላይ ተጽፏል? ለታክሲ የምንከፍለው፣ ከሱቅ የምንቀበለው፣ ዕለት ዕለት በእጃችን የሚያልፍ ገንዘብ ነው። ጓደኞቼን ስጠይቃቸው ግን አብዛኞቹ ከቀለሙ አላለፉም።

እንዲህ የምንሆነው እኛ ብቻ አይደለንም። ኒከርሰን እና አዳምስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት፣ ያገራቸውን ሰዎች ባለ አንድ ሳንቲሙን ፔኒ ሳያዩ እንዲስሉት አድርገው ነበር። ሳንቲሙ ላይ ካሉት ስምንት ዋና ዋና ምልክቶች መካከል፣ ግማሹ ሰው ቦታቸውን ጠብቆ ማስቀመጥ የቻለው ሦስት ወይም ከዚያ በታች ነበር። ሕይወታቸውን ሙሉ ሲያገላብጡት የኖሩትን ሳንቲም!

ይህ ነገር የከነከነኝ በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። 12ኛ ክፍል ናት፤ ለማትሪክ እየተዘጋጀች ነው። አንድ ማታ እነሱ ቤት ስገባ የባዮሎጂ መጽሐፏን ዘርግታ በቢጫ ሃይላይተር ታሰምራለች። ገጹ ቢጫ ሆኖ ያልተሰመረበት መስመር ማግኘት ይቸግር ነበር።

«ስንተኛሽ ነው ይህን ምዕራፍ?» አልኳት።

«አራተኛዬ ነው ጋሼ። ገብቶኛል።»

«በይ እስቲ ዝጊውና ስለ ኩላሊት ንገሪኝ።»

ዘጋችው። «ኩላሊት... ደም ያጣራል።» ከዚያ ዝም አለች። ጣሪያውን አየች፣ እኔን አየች፣ እጇ ወደ መጽሐፉ ሄደ። «ሳነበው እኮ ሁሉንም አውቀዋለሁ!» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

እውነቷን ነው፤ ስታነበው ታውቀዋለች። መንገድ ላይ የምናገኘውን ሰው እናስብ፤ ስመን፣ ጤናውን ጠይቀን፣ ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ አውርተን ከተለያየን በኋላ «ማን ነበር ስሙ?» እንላለን። ያየነውን ነገር «ይህን አውቀዋለሁ» ብሎ መለየት ለአእምሮ ቀላል ነው። ምንም ሳያይ ከውስጥ ፈልጎ ማውጣት ግን ሌላ ሥራ ነው። ፈተና ላይ የምንጠየቀው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ሆኖ ሳለ፣ ስናጠና የምንለማመደው የመጀመሪያውን ነው።

ይህን ልዩነት ቁልጭ አድርጎ ያሳየው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የሄንሪ ሮዲገርና የጄፍሪ ካርፒክ ሥራ ነው፤ ሁለቱም በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነበሩ። ተማሪዎችን ሰብስበው አጫጭር የሳይንስ ጽሑፎች ሰጧቸው። አንዱ ቡድን ጽሑፉን በአራት የጥናት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው ቡድን በአንዱ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ፣ በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ሁሉ ባዶ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 83 በመቶውን አስታወሱ፣ የጻፉት ግን 71 በመቶውን። ከሳምንት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ያነበቡት ወደ 40 በመቶ ወረዱ፤ ወረቀት ላይ ሲታገሉ የነበሩት 61 በመቶውን ይዘው ተገኙ። በሳምንቱ ምን ያህል ታስታውሳላችሁ ተብለው አስቀድመው ሲጠየቁ ደግሞ፣ በራሳቸው ይበልጥ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። የእህቴ ልጅ «ገብቶኛል» ያለችው ለዚህ ነው፤ ዓይን የለመደውን ነገር ልብ ያወቀው ይመስለዋል።

ታዲያ ከውስጥ ማውጣት ለምን እንዲህ ይጠቅማል? እዚህ ላይ የአንድ ሰው ታሪክ ልንገራችሁ፤ ስለ ማስታወስ የምናውቀውን ነገር ከሥሩ የለወጠ ሰው ነው።

ሄንሪ ሞሌይሰን ይባላል። የሚጥል በሽታ ሕይወቱን ስላመሰቃቀለበት እ.ኤ.አ. በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ሃርትፎርድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሙ በግራና በቀኝ፣ ከጆሮ ትይዩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚገኘውን ሂፖካምፐስ የሚባለውን ክፍል አብዛኛውን ቆርጦ አወጣው። (ስሙ በግሪክኛ የባሕር ፈረስ ማለት ነው፤ ቅርጹ እንደዚያች ትንሽ ዓሣ ጥምዝ ስለሆነ።) የሚጥል በሽታው ቀለለለት። ግን ከዚያ ቀን በኋላ አዲስ ነገር መያዝ አልቻለም። ብሬንዳ ሚልነር የተባለች የካናዳ ተመራማሪ ለዓመታት ስታጠናው፣ በመጣች ቁጥር ከአዲስ ሰው ጋር እንደሚተዋወቅ ሆኖ ይቀበላት ነበር። የልጅነቱን ነገር ያወራል፤ ጨዋታ ያውቃል፤ ምግብ በልቶ ብዙም ሳይቆይ ግን መብላቱን አያስታውስም።

አንድ ቀን ሚልነር ኮከብ የተሳለበት ወረቀት ሰጠችው፤ በመስታወት ብቻ እያየ በእርሳስ ዙሪያውን እንዲከተል። ሞክሩት፣ እጅን ያሳብዳል። በሦስት ቀን ውስጥ እጁ ሰላ፤ ስህተቱ እየቀነሰ መጣ። እሱ ግን በየቀኑ ሥራውን ከዚያ በፊት አይቶት እንደማያውቅ ነው የሚያስበው። እጁ ተምሯል፣ እሱ አያውቅም። ማስታወስ አንድ ጎተራ ውስጥ የሚከማች ነገር አለመሆኑ የታወቀው በዚህ ነው፤ ብስክሌት መንዳት የሚቀመጥበት መንገድና የትናንት ምሳ የሚቀመጥበት መንገድ ይለያያሉ። ሞሌይሰን እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሞት አንጎሉ በስስ እየተቀረፈ ለጥናት 2,401 ቁራጭ ሆነ። ይህን ሰው ባሰብኩት ቁጥር ምስጋና ይሰማኛል፤ ዛሬ ስለ ትምህርት የምንናገረው ብዙው ነገር በእሱ ጉዳት የተገኘ ነው።

ሂፖካምፐስ የሚሠራው ሥራ መስፋት ይመስላል። አንድ ቀን ሠርግ ሄዳችሁ ከሆነ ዘፈኑ በአንድ የአንጎል ክፍል፣ የሙሽራዋ ቀሚስ በሌላ፣ የዶሮ ወጡ ሽታ በሌላ ይመዘገባል፤ እነዚህን ገጣጥሞ አንድ ትዝታ የሚያደርጋቸው እሱ ነው። ስናስታውስ ያ ስፌት እንደገና ይነካል፤ አብረው የነቁት የነርቭ ሴሎች መገናኛቸው ይጠነክራል። መጽሐፉን እንደገና ስናነብ ግን መልሱ ፊታችን ስላለ አንጎል መንገዱን መፈለግ አያስፈልገውም። ሰው የማይሄድበት መንገድ ደግሞ ሣር ይበቅልበታል።

ሌላው ነገር ጊዜ ነው። ኤሪክ ካንደል የተባለው ሳይንቲስት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ያገኘው፣ ትምህርትን ያጠናው 20 ሺህ ያህል የነርቭ ሴል ብቻ ባላት አፕሊዥያ በምትባል የባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ነበር። ይህቺ ፍጥረት እንኳ የተሰጣት ልምምድ በአንድ ቀን ከታጨቀ ቶሎ ይጠፋባታል፤ ያው ልምምድ ለአራት ቀን ከተከፋፈለ ግን ለሳምንታት ይቆያታል። ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ትዝታ ሴሉ አዲስ ፕሮቲን እንዲሠራና አዲስ መገናኛ እንዲያበቅል ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ለፈተና ሌሊቱን በሙሉ የሚያነብ ተማሪ ያንን ጊዜ፣ እንቅልፉንም ጨምሮ፣ ነው የሚነጥቀው። ቀን የተማርነው የሚደላደለው ስንተኛ ነውና፣ ይህ ኪሳራ ትንሽ አይደለም።

ይህን ሁሉ ሳነብ ደጋግሞ ትዝ የሚለኝ የአብነት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ቀን ንባብ ነው፤ ማታ ደግሞ የቃል ትምህርት ይመጣል። ጨለማ ነው፣ መጽሐፍ የለም። ልጁ የያዘውን ከውስጡ ያወጣል፤ ሲስት ይታረማል፤ ነገ ማታ ደግሞ ትናንት የያዘውን ይከልሳል። ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፣ በዚያውም የራሱን ያጠናክራል። የቅኔ ተማሪ ደግሞ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ የሌላውን ከመድገም አልፎ የራሱን ፈጥሮ መምህሩ ፊት ያቀርባል። የዘመኑ ተመራማሪዎች በሙከራ ያረጋገጡትን ነገር ሊቃውንቱ በጨለማ ውስጥ ሲሠሩበት ኖረዋል። ሽምደዳ ብለን የምናጣጥለውን ይህን ሥርዓት በደንብ ያየነው አይመስለኝም።

ስለ ትኩረትም አንድ ነገር ልበል። አእምሯችን በአንድ ጊዜ በእጁ ሊይዝ የሚችለው ነገር በጣም ጥቂት ነው፤ አራት ገደማ ብለው ይገምቱታል። ስልክ ቁጥር ስንናገር አሥሩን አኃዝ አንድ በአንድ ከመጥራት ሁለት ሁለት እያደረግን የምንናገረው ለዚህ ነው። በዚህ ጠባብ ቦታ ላይ አንድ የቴሌግራም መልእክት ሲገባ ሌላው ይወጣል። አማርኛችን ይህን ጥሩ አድርጎ ይዞታል፤ ትኩረት ስጥ ሲል «ልብ በል» ይላል፣ ያላስተዋለ ሰውም «ልብ አላልኩም» ይላል። ልብ ያላልነው ነገር መጀመሪያውኑ አልገባም፤ ስለዚህ ረሳነው ማለት አይቻልም።

የእህቴ ልጅ አሁን ሃይላይተሩን ትታዋለች። አንድ ገጽ ታነብና ትዘጋዋለች፤ ባዶ ወረቀት ላይ ያላትን ሁሉ ትጽፋለች፤ ከዚያ ከፍታ የጎደለውን በቀይ ትሞላለች። በሦስተኛው ቀን ያንኑ ትደግማለች። መጀመሪያ አካባቢ «ይሄ ያደክማል፣ ምንም የማላውቅ ይመስለኛል» ብላ ተማርራ ነበር። ድካሙ ራሱ ነው ሥራው አልኳት። ባለፈው እሁድ ቡና እየተፈላ ስለ ኩላሊት ለእናቷ ስታስረዳ ሰማኋት፤ ከጥቃቅኖቹ ማጣሪያዎች ተነስታ እስከ ፊኛ ድረስ፣ መጽሐፉ ሌላ ክፍል ውስጥ እንዳለ።

ሌላም የተረጋገጠ ነገር አለ፤ ሰው አስቀድሞ መልሱን ለማግኘት ታግሎ ቢያጣው እንኳ፣ ትክክለኛውን ሲያይ ከማይታገለው ሰው ይልቅ ይይዘዋል። እናንተም መጀመሪያ ላይ ታግላችኋል። አሁን 100 ብሩን አውጡና እዩት።