ከሰብል በታች ያለውን የአፈር እርጥበት በራዳር ስለ መገመት

በአዊ ዞን ከእንጅባራ ከተማ አጠገብ በሚገኘው በዘንገና ሐይቅ አካባቢ ዋናው የዝናብ ወቅት ክረምት ነው። በዚህ ጊዜ ደመና ስለሚበዛ በፀሐይ ብርሃን ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሳተላይቶች ማሳውን አዘውትረው ሊያዩት አይችሉም። ራዳር ግን የራሱን ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ስለሚለካ ሌሊትም ሆነ በደመና ጊዜ ይሠራል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2014 የመጠቀው የአውሮፓ ሴንቲኔል-1 ሳተላይቶች ሞገድ ርዝመቱ 5.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መረጃው ያለ ክፍያ ይገኛል።

ሀ/ የአሠራሩ መሠረት

አንድ ነገር ለኤሌክትሪክ መስክ የሚሰጠውን ምላሽ የሚያመለክተው ቁጥር ለደረቅ አፈር ከ3 እስከ 4፣ ለውሃ ግን 80 ያህል ነው። ስለዚህ አፈሩ ሲርስ ወደ ራዳሩ የሚመለሰው ሞገድ ይጨምራል። ይሁን እንጂ የመሬቱ ሸካራነትና ተዳፋትነትም ተመላሹን ይለውጡታል። ነፋስ ያላናወጠው የዘንገና ሐይቅ ገጽ እንደ መስተዋት ሆኖ ሞገዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚመልሰው፣ ውሃ ሆኖ ሳለ በራዳር ምስል ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል።

ለ/ ሰብሉ የሚያስከትለው ችግር

የገብስ፣ የጤፍ ወይም የድንች ቅጠልና ግንድ ውሃ ያዘለ ነው። በመሆኑም ሰብሉ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ የራሱን ተመላሽ ይጨምራል፣ ከአፈሩ የሚመጣውንም ያዳክማል። አቴማና ኡላቢ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረቡት «የውሃ ደመና» የተሰኘው ቀመር ሰብሉን በአየር ላይ እንደ ተንሳፈፉ የውሃ ነጠብጣቦች በመቁጠር ሁለቱን ለይቶ ያሰላል።

ለምሳሌ ጠቅላላው ተመላሽ 10፣ የሰብሉ ድርሻ 4፣ ከአፈሩ ተመላሽ ሰብሉን አልፎ የሚደርሰው ግማሹ ነው እንበል። 10 ሲቀነስ 4 እኩል ይሆናል 6፤ 6 ለ0.5 ሲካፈል የአፈሩ እውነተኛ ተመላሽ 12 ይሆናል። መቀነስ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ ይታያል።

ሐ/ ጥንቃቄና አጠቃቀም

የቀመሩ ቋሚ ቁጥሮች እንደ ሰብሉ ዓይነት ስለሚለያዩ በማሳ ላይ ልኬታ መወሰን አለባቸው። መምህራን ይህን በቀላሉ ሊያሳዩ ይችላሉ። ከላይኛው 5 ሴንቲ ሜትር የተወሰደ አፈር ተመዝኖ፣ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ24 ሰዓት ደርቆ እንደገና ይመዘናል። 120 ግራም የነበረው 100 ግራም ከሆነ፣ እርጥበቱ ከደረቁ አፈር ክብደት 20 በመቶ ነው።

ፕላን አውጪዎችም ሦስት ነገሮችን ማስታወስ ይገባቸዋል። አንደኛ፣ ይህ ሞገድ የሚነግረው ስለ ላይኛዎቹ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች እንጂ ስለ ሥር ጥልቀት አይደለም። ሁለተኛ፣ በአዊ በብዛት የሚተከለው ዲከረንስ የተባለው ግራር ጥቅጥቅ ባለበት ቦታ ሞገዱ አፈሩን ስለማያገኝ ቦታው ከካርታው መውጣት አለበት። ሦስተኛ፣ የሰብሉ ድርሻ ያልተለየበት ካርታ የለመለመውን ማሳ ሁሉ እርጥብ ሊያስመስል ይችላል። እንዲህ ያለው ካርታ ለእርዳታ ድልድል ከዋለ፣ ዝናብ ያጠረበት ገበሬ አፈሩ ደርቆ ሳለ ከተረጂዎች መዝገብ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ካርታው ለውሳኔ ከመቅረቡ በፊት በየሰብሉ ዓይነት ከተመረጡ ማሳዎች በተወሰደ አፈር ሊመሳከር ይገባል።