ነገሥታት፣ መነኮሳትና ዳሞት፦ ተረትና እውነታ

ከጊንጪ በስተሰሜን፣ ጽድና ዝግባ ከተሰለፉበት ከጭልሞ ደን ተነሥቶ ወደ አምቦ የሚዘልቀው አገር የቆየ የመንግሥትና የሃይማኖት ታሪክ አለው። በታሪኩ ዙሪያ ግን የተዛቡ ወሬዎች በዝተዋል። (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ተረት፦ ክርስትና ወደ ምዕራብ ሸዋ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው።

እውነታ፦ እንዲህ የሚታሰበው እንደ አዲስ ዓለም ማርያም ያሉ ስመ ጥር አብያተ ክርስቲያናት የምኒልክ ሥራ ስለሆኑ ነው። የአዲስ ዓለሙ ሕንፃ እንዲያውም ለቤተ መንግሥት ታስቦ የተጀመረ ነበር። ይሁን እንጂ ገና በ14ኛው መቶ ዘመን ከግብፅ የመጡት ጳጳስ አቡነ ያዕቆብ ሸዋንና አካባቢውን ለ12 ንቡራነ እድ (የቤተ ክርስቲያን ሹማምንት) ሲያከፋፍሉ፣ ከሸዋ በስተምዕራብ የነበረው ዳሞት ለአቡነ አድኃኒ ደርሷቸዋል። የቀድሞው ሥራ ከዓይን የራቀው፣ በ16ኛው መቶ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦርነትና ተከትሎት የመጣው የኦሮሞ መስፋፋት የአገሩን መልክ ስለለወጡት ነው።

ተረት፦ ዳሞት ማለት የጎጃሙ ነው።

እውነታ፦ የመካከለኛው ዘመን ዳሞት ከዓባይ በስተደቡብ፣ ከሸዋ በስተምዕራብ የነበረ፣ የራሱ ንጉሥና የራሱ አምልኮ ያለው ኃያል መንግሥት ነበር። ስሙ ዓባይን የተሻገረው በኋላ ከተሰደደው ሕዝብ ጋር ነው።

ተረት፦ ንጉሥ ከተጠመቀ ሕዝቡም አብሮ ይጠመቃል።

እውነታ፦ ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዘመን ከሳንቲማቸው ላይ ጨረቃውን አንሥተው መስቀል አስቀረጹ፤ ገጠሩን ለማዳረስ ግን መነኮሳት ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል። ዳሞትን እንይ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል ሞተለሚ የተባለው የዳሞት ገዥ በጻድቁ እጅ መጠመቁን ይተርካል። ጻድቁ ያረፉት በ1313 ነው። በ1316/17 አፄ ዐምደ ጽዮን ዳሞትን በጦር ያዙ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል ላይ የሰፈረው ማስታወሻ፣ እግዚአብሔር ዳሞትን በእጃቸው እንደ ሰጣቸውና ሕዝቡን ወደ ሌላ አገር እንዳፈለሱ ይናገራል። ገዥ ማጥመቅ አንድ ነገር ነው፤ አገር ማስገበር ሌላ፤ ሕዝቡን ማሳመን ደግሞ ከሁለቱም የዘገየ ሥራ ነው።

ተረት፦ ቤተ ክርስቲያን የንጉሥ መሣሪያ ብቻ ነበረች።

እውነታ፦ ንጉሡ ለገዳሙ ጉልት ይሰጥ፣ ገዳሙም ይጸልይለት ነበር፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ዐምደ ጽዮን የአባታቸውን ሚስት አገቡ ተብሎ ሲነገር፣ የደብረ ሊባኖሱ አቡነ ፊልጶስና ሌሎች መነኮሳት ፊት ለፊት ገሠጿቸው። መነኮሳቱም በዚህ ተገረፉ፤ ተጋዙ። በዐምደ ጽዮን ልጅ በሰይፈ አርዓድ ዘመንም ጠቡ በአንድ ሚስት ጸንቶ በመኖር ጉዳይ ቀጠለ፤ አቡነ ያዕቆብም ወደ ግብፅ እንዲመለሱ ተደረገ። ነገሥታቱ ብዙ ሚስት ማግባታቸውን አልተዉም። መነኮሳቱም ዝም አላሉም፤ ንጉሡ አፋቸውን ለመዝጋት ባጋዟቸው ቦታ ሆነው፣ ክርስትና ገና ላልደረሰው ሕዝብ መስበክ ጀመሩ።