የጃፓን ተፈጥሯዊ ቀይ ወይን ጠጅ አቀማመስና አቀራረብ

የወይን ጠጅ ሲነሣ የብዙ ሰው አሳብ ወደ ፈረንሳይና ወደ ኢጣልያ ያመራል። ይሁን እንጂ ጃፓንም በዚህ ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታለች፤ በ1877 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ሁለት ወጣቶች የወይን ጠጅ አጠማመቅ እንዲማሩ ከያማናሺ አውራጃ ወደ ፈረንሳይ ተልከው ነበር። ከዚያ አገር ከሚወጡት መጠጦች አንዱ ተፈጥሯዊ የሚባለው ቀይ ወይን ጠጅ ነው። ይህ መጠጥ በአቀራረብ ጉድለት ያለ ጥፋቱ ሊነቀፍ፣ ስለ ስሙም ሲባል ያለ ሙያው ሊመሰገን ስለሚችል፣ አቀማመሱን ማወቅ ይጠቅማል።

የጃፓንን ወይን ተካይ አብዝቶ የሚያስቸግረው ዝናብ ነው። በሰኔና በሐምሌ ሳያቋርጥ ይዘንባል፤ ፍሬው በሚበስልበት ወራትም ዐውሎ ነፋስ ይመጣል። ስለዚህ ገበሬው ሐረጉን እንደ ዳስ ከፍ አድርጎ በመዘርጋት ነፋስ እንዲያገኝ ያደርጋል፤ በየዘለላውም ላይ የወረቀት ቆብ ይደፋለታል። በኒጋታ አውራጃ የኖሩት ካዋካሚ ዜንቤይ ይህን አየር የሚችል ዝርያ ለማግኘት ብዙ ዘሮችን አዳቅለው፣ በ1927 ማስካት ቤይሊ ኤ የተባለውን ወይን አስገኙ። ዛሬ በአገሩ ለቀይ ወይን ጠጅ ከሚውሉት ዋና ዋና ዝርያዎች አንዱ ይኸው ነው።

ተፈጥሯዊ የሚባለው መጠጥ በፍሬው ላይ ባለው እርሾ ብቻ የሚፈላ፣ ከድኝ የሚገኘው መጠበቂያ ያልተጨመረበት ወይም እጅግ ጥቂት የተጨመረበት፣ ብዙ ጊዜም ያልተጣራ ነው። እንግዲህ መጠበቂያው የፍሬውና የዕቃው ንጽሕና ነው። ጋኑ በሚገባ ካልታጠበና ካልታጠነ ጠላው እንደሚኮመጥጥ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ጠርሙሱ ብርሃን በማይደርስበት ቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጣል። ከመቅረቡ አንድ ቀን አስቀድሞ ቀጥ ብሎ ሊቆም ይገባል፤ አተላው የሚዘቅጠው በዚህ ጊዜ ነው። እንደ ማስካት ቤይሊ ኤ ያለው ቀላል ቀይ ወይን ጠጅ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ሳንቲግራድ ቀዝቀዝ ብሎ ሲቀርብ መልካም ነው። ቀጂው ጠርሙሱን ሳይነቀንቅ በዝግታ ይቀዳል፤ ብርጭቆውንም ከሲሶው በላይ አይሞላም።

ቀማሹ አስቀድሞ መልኩን ይመለከታል። ያልተጣራ በመሆኑ ደፍረስ ቢል ነውር አይደለም። ቀጥሎ ያሸታል፤ ከማስካት ቤይሊ ኤ የእንጆሪና የተቃጠለ ስኳር መዓዛ ይጠበቃል። በመጨረሻ ጥቂት ተጎንጭቶ በአፉ ያዞራል፤ ጣዕሙ ለስላሳ፣ የሚያኮማትረውም ነገር ጥቂት ነው።

ጠርሙሱ እንደ ተከፈተ የተጫረ ክብሪት ወይም የእንቁላል ሽታ ቢሰማ፣ ምላስንም ጥቂት ቆንጠጥ ቢያደርግ፣ ወዲያው መድፋት አይገባም፤ በመስተዋት ማንቆርቆሪያ ተገልብጦ ነፋስ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ይለቀዋል። የኮምጣጤ ሽታ የበረታበት ግን አይመለስም። ደግሞም በአፍንጫ የማይታወቅ፣ ከተዋጠ በኋላ ግን ምራቅ የመጠጡን ኮምጣጣነት ሲቀንሰው የአይጥ ጎጆ የመሰለ ጣዕም የሚተው ብልሽት አለ፤ ለዚህም መድኃኒት የለውም። ተፈጥሯዊ የሚለው ስም እንዲህ ላለው ጉድለት መሸፈኛ ሊሆን አይገባም።

ከምግብ በኩል በጣፋጭ የአኩሪ አተር ወጥ ተቀብቶ በፍም የተጠበሰ ዶሮ ይስማማዋል። የተረፈው ተከድኖ በማቀዝቀዣ ይቀመጥና በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ይጠጣ።

ገዢውም የጠርሙሱን ጽሑፍ ያንብብ። ከ2018 ጀምሮ በጸናው ደንብ የጃፓን ወይን ጠጅ ተብሎ የሚጻፈው በዚያው አገር ከበቀለ ወይን ብቻ በዚያው አገር የተጠመቀው ነው። ደንቡ የፍሬውን አገር ያረጋግጣል እንጂ የመጠጡን ደኅንነት አይመሰክርም፤ ይህን የሚፈርደው በሚገባ የቀረበለት ቀማሽ ነው።