የኑግ ፋጉሎና የአንድ ሊቅ ምርምር

በጎጃምና በጎንደር የሚበቅለው ኑግ ለነጋዴ ሁሉ የታወቀ ሸቀጥ ነው። ፍሬው ለወፍ ቀለብ ወደ ውጭ አገር ይላካል፤ በአገር ውስጥም ተጨምቆ ዘይት ይወጣዋል። ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ግን ከከብት መኖነት ያለፈ ዋጋ ሲሰጠው እምብዛም አይታይም። ይህንኑ ፋጉሎ ወደ ቤተ ሙከራ ያስገቡ አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ መኖራቸውን ብዙ ነጋዴ አልሰማ ይሆናል። እኒህ ሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩትና የተመራመሩት ዶክቶር አማረ ገሠሠ ናቸው።

የምርምራቸው ዋና ነገር ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም ማለት ሕይወት ያለው ፍጥረት ሁሉ ምግቡን ለመፍጨትና አካሉን ለመገንባት በገላው የሚያዘጋጀው ንጥረ ነገር ነው። የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ፣ ጠላም ሲጠነሰስ ሥራውን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ሕዋሳትና ኢንዛይሞቻቸው ናቸው። ስለ ጤፍ ሊጥ አቦካክ በሳይንስ ከመረመሩት አንዱ ዶክቶር ብርሃኑ ጋሼ ሲሆኑ፣ ከዶክቶር አማረ ጋርም አብረው ሠርተዋል።

ኢንዛይም ከማጀት አልፎ የገበያ ዕቃ ከሆነ ቆይቷል። ፕሮቲንን የሚሰብረው ፕሮቴዝ በዱቄት ሳሙና ገብቶ የደምና የምግብ እድፍ ያስለቅቃል፤ በቆዳ ፋብሪካም ጠጉርን ከቆዳ ለማላቀቅ ይረዳል። አሚሌዝ የተባለው ክር በሽመና ጊዜ እንዳይበጠስ የተቀባውን ስታርች ከጨርቁ ያነሣል። ዛይላኔዝ ደግሞ ወረቀት ሲነጣ የሚፈጀውን ክሎሪን ይቀንሳል።

ነገር ግን ሳሙና ወይም ኖራ በበዛበት ውሃ ውስጥ ብዙው ኢንዛይም ኃይሉን ያጣል። ዶክቶር አማረ ለዚህ መፍትሔ የፈለጉት በአገራችን የሶዳ ሐይቆች ነው። ጣና ውሃው የማይመርር ሐይቅ ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ያሉት ሻላና አብያታ ግን በሶዳ የተሞሉ ናቸው። በእንዲህ ያለ ውሃ መኖር የለመደ ባክቴሪያ የሚያወጣው ኢንዛይምም ሶዳን የሚችል ሆኖ ይገኛል።

ባክቴሪያ እንደ ከብት ሁሉ ቀለብ ይሻል፤ የቀለቡም ዋጋ ኢንዛይሙን ውድ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ነው። ስለዚህ ሊቁ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጽሑፍ፣ ባሲለስ ከተባለው ወገን የሆነ አንድ ባክቴሪያ በኑግ ፋጉሎ እየተቀለበ ፕሮቴዝ እንደሚያወጣ አስረዱ። በ1998 ሁለት ዛይላኔዞችን አጣርተው ጠባያቸውን ገለጹ። በ1999 ከጋሻው ማሞ ጋር ሆነው ይህንኑ ኢንዛይም በርጥብ ፉርሽካ ላይ በብዛት ማምረት እንደሚቻል አሳዩ። በ2003ም ከስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ጋር በዶሮ ላባ የተቀለቡ ባክቴሪያዎች ፕሮቴዝ እንደሚሰጡ አስታወቁ። ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ ላባ፤ ሦስቱም በርካሽ የሚሸጡ ወይም የሚጣሉ ተረፎች ናቸው።

ይህ ነገር ባሕር ዳርን በቀጥታ ይመለከታታል። ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ1961 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተክሎባታል፤ የቆዳ ፋብሪካም አላት፤ በዙሪያዋ ኑግ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ1972 ከተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ስሙን በወረሰው በፔዳም የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ትምህርት ይሰጣል። ጥሬ ዕቃው፣ ዕውቀቱና ደንበኛው ጎረቤታሞች ሲሆኑ፣ ኢንዛይሙ ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ ነው። ጠጉር ማላቀቂያው ሰልፋይድ በኢንዛይም በተተካ መጠንም ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ይህም ለሐይቅና ለዓባይ ጎረቤት ቀላል ጥቅም አይደለም።

ሆኖም በብልቃጥ የተሳካ ሁሉ በበርሜል ይሳካል ማለት አይደለም። ኢንዛይም በሙቀትና በእርጥበት ኃይሉ ይደክማል፤ ዋጋውም በኪሎው ብቻ ሳይሆን በሥራ ኃይሉ ይለካል። ስለሆነም አስመጪው ሲገዛ የኃይሉን መጠንና የተመረተበትን ቀን መመርመር ይገባዋል፤ በአገር ውስጥ ለማምረት የሚነሣም ሰው ይህንኑ ለደንበኛው ማረጋገጥ ይኖርበታል። ፋጉሎው ሁለተኛ ገዥ ሲያገኝም ዋጋው ሊወደድ ስለሚችል፣ ከብት አድላቢው እንዳይጎዳ አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል።

ሊቁ ተረፉ ጥቅም እንዳለው በሙከራ አስመስክረዋል። ሙከራውን ወደ ገበያ ማድረስ ግን ገንዘብ፣ ሒሳብና ደንበኛ የሚጠይቅ የነጋዴ ሥራ ነው።