ተጨማሪ መረጃ፦ ተጠባባቂው ሬዲዮ
በሁለት ተራሮች መካከል የተዘረጋ የማይክሮዌቭ መስመር ሲቋረጥ የብዙ ሰው ስልክና ኢንተርኔት አብሮ ይቋረጣል። ስለዚህ «1+1» በሚባለው ዘዴ በእያንዳንዱ ጣቢያ ሁለት ሬዲዮዎች ይተከላሉ። ሁለቱም በርተው ይቆያሉ፤ ሞገድ የሚያሰራጨው ግን አንዱ ብቻ ነው። እሱ ሲበላሽ መቀያየሪያው ሥራውን ወዲያውኑ ለተጠባባቂው ያስረክባል።

በተከላ ጊዜ ሁለቱ ሬዲዮዎች የየራሳቸው የኃይል መስመርና ፊውዝ ይኑራቸው፤ በአንድ ፊውዝ ከተገናኙ አንድ ብልሽት ሁለቱንም ያጠፋል። ከዚያም ዋናውን ሆን ብላችሁ አጥፉና መቀያየሩን አረጋግጡ። ያልተፈተነ ተጠባባቂ እንደሌለ ይቆጠራል።

አስተውሉ፦ የሁለቱ ሬዲዮዎች ሞገድ በአየር ላይ የሚያልፍበት መስመር አንድ ስለሆነ ተጠባባቂው ከዕቃ ብልሽት እንጂ ከከባድ ዝናብ አያድንም። የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ዓላማ መቋረጥን ማሳነስ ነው፦ 99.999 በመቶ አስተማማኝ የሚባል መስመር በዓመት የሚቋረጠው ለ5 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።