ፓኬጅ ከማሳደጋችሁ በፊት

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፦ «ቤት ያስገባሁት ኢንተርኔት ይቆራረጣል፤ ወደ ትልቁ ፓኬጅ ልቀይር ወይ?» መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ቶሎ አትቀይሩ። እኔም ሥራዬን የምሠራው ከቤት ስለሆነ ስብሰባ መሃል ስክሪኑ ድርቅ ሲል ምን ያህል እንደሚያበሳጭ አውቃለሁ። በየወዳጁ ቤት ካየሁት ግን ችግሩ የሚገኘው በብዛት እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ መብራቱ ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሽቦው ላይ። ለትልቅ ፓኬጅ በየወሩ ተጨማሪ ብር ብትከፍሉ ከእነዚህ አንዱም አይስተካከልም።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንግባባ። ፓኬጁ ላይ የተጻፈው ፍጥነት በሜጋቢት ነው፤ ስልካችሁ የፋይል መጠን የሚያሳየው ደግሞ በሜጋባይት። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ የ4 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ የሚያወርደው ግማሽ ሜጋባይት ነው። አንድ ጊጋባይት ፊልም ከግማሽ ሰዓት በላይ ቢፈጅ መስመሩ አልተበላሸም፣ ማንም አላታለላችሁም። ለአንድ የቪዲዮ ስብሰባ ግን 3 ሜጋቢት ገደማ፣ ሳይዋዥቅ ከመጣ፣ ይበቃል። ስለዚህ 4 ሜጋቢት ያለው ሰው ስብሰባ ከተቆራረጠበት ሁለት ነገር ይጠርጥር፦ ወይ ሌላ ሰው በዚያው ሰዓት ቪዲዮ እያወረደ ነው፣ ወይ ፍጥነቱ ራውተሩ ጋ ደርሶ ላፕቶፑ ጋ አልደረሰም።

ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው አንድ የኔትወርክ ኬብል ነው። ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙና ፍጥነቱን ለኩ። በኬብል የከፈላችሁበት ፍጥነት ከመጣ መስመራችሁ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ዋይፋዩ ነው። በኬብልም ካልመጣ ችግሩ ከዋይፋዩ አይደለምና ለአቅራቢው ደውሉ። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆናችሁ 994 ነው። ስትደውሉ «ኢንተርኔት እምቢ አለ» ብቻ አትበሉ። የፋይበር ሳጥኑ ላይ ያሉትን መብራቶች ተመልከቱ፦ «ፖን» የሚለው ሳይብለጨለጭ አረንጓዴ ከሆነ በፋይበሩ የሚመጣው ብርሃን ቤታችሁ ደርሷል። «ኤልኦኤስ» የሚለው ቀይ ከሆነ ብርሃኑ አልደረሰም፤ ሽቦው ተቆርጧል ወይም አንድ ቦታ ላይ ክፉኛ ታጥፏል። ቀይ ከበራ ራውተሩን አሥር ጊዜ ማጥፋትና ማብራት ዋጋ የለውም፤ «ኤልኦኤሱ ቀይ ነው» ብላችሁ ንገሯቸው፣ ባለሙያው ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት ያውቃል። የተነቀለውን የፋይበር ጫፍ ግን በዓይናችሁ ጠጋ ብላችሁ አትዩት፤ የሚወጣው ጨረር ባይታይም ዓይን ሊጎዳ ይችላል።

አሁን ግድግዳው። ቤቶቻችን የብሎኬትና የኮንክሪት ናቸው፤ በሩ ብረት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ራውተሩ ደግሞ ባለሙያው ሽቦውን ባስገባበት መስኮት ሥር፣ ብዙ ጊዜ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወይም ቡፌው ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ሆኖ ሁለት ግድግዳ አልፎ መኝታ ቤት እንዲደርስ እንጠብቃለን። አውጡት። ከተቻለ ወደ ቤቱ መሃል፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጉት፤ ከፍሪጅና ከትልቅ መስታወትም ይራቅ። ራውተራችሁ ሁለት ዓይነት ሞገድ የሚለቅ ከሆነ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ያሸንፈዋል። 2.4 የሚባለው ቀስ ይላል፣ ግን ርቆ ይሄዳል። ሳሎን ላለ ቴሌቪዥን 5፣ ራቅ ላለ ክፍል 2.4 ተጠቀሙ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሰዎች ሌላም ጣጣ አለባችሁ፤ በአንድ ብሎክ ያለው ራውተር ሁሉ በ2.4 ላይ ይጋፋል። እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ስለሆኑ ከእነዚህ ባዶ የሆነውን ምረጡ።

ብዙ ሰው ገንዘቡን በትክክል ቢያወጣበት ብዬ የምመኘው መብራቱ ላይ ነው። ፋይበር ያስገባ ሁሉ ይህን ይወቅ፦ ከአቅራቢው ጣቢያ እስከ ቤታችሁ ድረስ ባለው መስመር ላይ ብርሃኑን ለየቤቱ የሚያከፋፍለው ዕቃ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ጣቢያው ደግሞ ባትሪና ጄኔሬተር አለው። ሰፈሩ ሲጨልም ብዙ ጊዜ የሚጠፋው የእናንተ ራውተር ብቻ ነው፤ መስመሩ እዚያው አለ። በዚያው ሰዓት የሰፈሩ ሰው በሙሉ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፣ ማማው ይጨናነቃል፣ መብራቱ ከዘገየ የማማው ባትሪም ይደክማል። የሞባይል ኢንተርኔት እጅግ የሚያዘግመው በጣም በምትፈልጉት ሰዓት የሆነው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ለራውተር ተብሎ የሚሸጠው ትንሽ ባትሪ ነው። ስትገዙ የራውተራችሁን ቻርጀር ይዛችሁ ሂዱ፤ ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፣ አምፔሩ ግን ይለያያል፣ የባትሪው ከዚያ ማነስ የለበትም። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚለው ጽሑፍ አያሳስታችሁ፤ የሚለካው በ3.7 ቮልት ስለሆነ 37 ዋት ሰዓት ማለት ነው። 10 ዋት የሚበላ ራውተርን ሦስት ሰዓት ገደማ ያቆያል። ለቤቴ ኢንተርኔት አንድ ነገር ብቻ እንድመርጥ ብጠየቅ፣ እጥፍ ፍጥነት ትቼ ይህን ባትሪ እመርጣለሁ።

አሁንም በአሮጌው የመዳብ ስልክ መስመር የምትጠቀሙ ካላችሁ ምክሬ አጭር ነው። መዳብ ከጣቢያው በራቀ ቁጥር ይደክማል፣ ዝናብ የገባበት መጋጠሚያም ክረምቱን ሙሉ ያስቸግራል። ሰፈራችሁ ፋይበር ደርሶ ከሆነ ቀይሩ። ያለ ማመንታት ክፈሉ የምለው የመስመር ለውጥ ይኼ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የቤቱ መስመር ሲቋረጥ የሚተካ ሁለተኛ መንገድ ያስፈልጋል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ከድሬዳዋ ጀምሮ በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ይህን ማድረግ ቀላል ሆኗል። የቤታችሁ መስመር የአንዱ ከሆነ ስልካችሁ ውስጥ የሌላኛውን ሲም አስቀምጡ፤ ትንሽ ፓኬጅ ይበቃዋል፣ የሚፈለገው ለክፉ ቀን ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የጎረቤት ስልክ ላይ፣ ሥራ በምትሠሩበት ክፍል ውስጥ ሆናችሁ ሞክሩት። በአንድ ሰፈር አንዱ ይበረታል፣ መንገድ ተሻግራችሁ ሌላው። ወደ ሆትስፖት ስትዞሩ ላፕቶፑ አፕዴት እንዳያወርድ፣ ቴሌግራምም ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ዝጉ፤ ትንሿ ፓኬጅ በማታውቁት ነገር እንዳታልቅ።

ሁለት ሲምም የማይፈታው ነገር አለ። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ወደ ውጭ የሚወጣው ኢንተርኔት በየብስ ተጉዞ በጎረቤት አገሮች፣ በተለይም በጅቡቲ በኩል፣ ከባሕር ሥር ኬብሎች ጋር ይገናኛል። በየካቲት 2016 ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ተበጥሰው በእስያና በአውሮፓ መካከል የሚያልፈው ግንኙነት ታውኮ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን ራውተር መነካካት አይጠቅምም፤ መጠበቅ ነው።

ከቤት ውጭ ስትሠሩ ምርጫችሁ ካፌ ብቻ አይደለም። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ለተማሪ ትልቅ መጠጊያ ሆኗል፤ ተቀምጦ ለረጅም ሰዓት ለመሥራት ከጫጫታው ካፌ ይሻላል። ካፌ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፤ ምሳ ሰዓት ላይ በአንድ ራውተር ብዙ ስልክ ይንጠለጠላል። የዋይፋዩን ስም ከአስተናጋጁ ጠይቃችሁ አረጋግጡ፤ ያንኑ ስም ይዞ ሐሰተኛ ዋይፋይ መክፈት ለማንም ቀላል ነውና። የባንክና የቴሌብር ጉዳይ ሲኖራችሁ ከካፌው ዋይፋይ ወጥታችሁ በራሳችሁ ዳታ ተጠቀሙ። ዳታ ከሌለም ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ በዕድሜ ለገፉ እናትና አባቶቻችሁ ይህን አሳዩአቸው። ስትወጡም ያንን ዋይፋይ ከስልካችሁ ሰርዙት፤ በሌላ ቀን ሳታውቁ እንዳይገናኝ።

በመጨረሻ ቤት ለምትሠሩ፣ ለምታከራዩ፣ በኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ውስጥም ለምታገለግሉ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ፋይበር በመስኮት የሚገባው፣ ራውተሩም ጥግ ላይ የሚቀረው ግድግዳው ውስጥ መንገድ ስላልተተወለት ነው። ልስን ከመለሰናችሁ በፊት ከውጭ እስከ ቤቱ መሃል አንድ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ቅበሩ፤ ሹል ማጠፊያ አይኑረው፣ ውስጡ መጎተቻ ገመድ ተዉ፣ ጫፉ አጠገብ አንድ ሶኬት ጨምሩ። በሥራው ወቅት ወጪው ጥቂት ነው፤ ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን ግድግዳ ማፍረስ ይጠይቃል።